ድምፅ የማይሰጥበት ጉባኤ እንዴት ለሁለት ተከፈለ?

እጅ አውጥቶ «እደግፋለሁ»፣ «እቃወማለሁ» ማለት የለም። የድምፅ ቆጠራ የለም። 51 በመቶ አሸነፈ፣ 49 በመቶ ተሸነፈ የሚባል ነገርም የለም። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ የሚኖሩ ወንጌላውያን ኩዌከሮች በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ኒውበርግ በምትባል የኦሪገን ከተማ ሲሰበሰቡ ውሳኔ የሚወስኑት እንዲህ ነው፦ ጉባኤው እስኪግባባ ይጠብቃሉ።

ሲሰሙት ደስ ይላል፣ አይደል? ግን እነዚሁ ሰዎች በ2017 ለሁለት ለመከፈል ወሰኑ። ያውም አንድም ድምፅ ሳይቆጠር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ታዲያ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። የሚያገባን እንዲህ ነው። በቤተ ክርስቲያን፣ በዕድር፣ በማኅበር፣ በግቢ ክለብ ሁሉ «ተግባብተናል» የሚለውን ቃል በየቀኑ እንሰማለን። ከኩዌከሮች በላይ ይህን ቃል በቁም ነገር የያዘ ቡድን ማግኘት ይከብዳል። እነሱ እንኳ ሲያቅታቸው ምን እንደተፈጠረ ማየት ለሁላችንም ይጠቅማል።

መጀመሪያ፣ ኩዌከሮች እነማን ናቸው?

እንቅስቃሴው የተጀመረው በእንግሊዝ ነው፣ በ1650ዎቹ። መሪው ጆርጅ ፎክስ የሚባል፣ በልጅነቱ ጫማ ሰሪ ጋ ተቀጥሮ የሠራ ወጣት ነበር። መልእክቱ ቀላል ነው፦ እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ሰው በቀጥታ ይናገራል፣ ስለዚህ በመሃል የሚቆም ቄስ አያስፈልግም። «ኩዌከር» ማለት «የሚንቀጠቀጥ» ማለት ሲሆን መጀመሪያ የስድብ ስም ነበር። እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩት «ወዳጆች» ብለው ነው።

ከሌሎች ክርስቲያኖች የሚለዩባቸው ነገሮች አሉ። በውሃ አያጠምቁም። የጌታ እራት ብለው እንጀራና ወይን አይካፈሉም። «ጥምቀቱም ቁርባኑም የውስጥ ነው» ይላሉ። ሴቶች ከመጀመሪያው ጀምሮ ይሰብካሉ። ጦርነት አይደግፉም። በ1947 የኖቤል የሰላም ሽልማትን የወሰዱት የእንግሊዝና የአሜሪካ ኩዌከሮች የእርዳታ ድርጅቶች ናቸው።

እኛ አገር ቅርብ ዘመድ ፈልጉ ካላችሁኝ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን አስቡ። መሠረተ ክርስቶስ ከሜኖናይት ወገን ናት። ሜኖናይቶችና ኩዌከሮች ደግሞ «የሰላም አብያተ ክርስቲያናት» በሚል በአንድ ስም ይጠራሉ። በቁጥር ግን ኩዌከሮች ትንሽ ናቸው፣ በመላው ዓለም 400,000 ገደማ ቢሆኑ ነው። ከሁሉም አገር ብዙ ኩዌከር ያለው የት መሰላችሁ? እንግሊዝ አይደለም፣ አሜሪካም አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ ናት። በ1902 ሦስት አሜሪካውያን ሚስዮናውያን ምዕራብ ኬንያ ካይሞሲ ገብተው የጀመሩት ሥራ ነው እዚህ የደረሰው።

ዝም የሚሉትና የሚዘምሩት

ብዙ ሰው ኩዌከር ሲባል ትዝ የሚለው ዝምታ ነው። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ አንድ ሰዓት ያህል ዝም ይላሉ፣ የሚናገረው ያገኘ ተነሥቶ ይናገራል። ይህ እውነት ነው፣ ግን የሁሉም አይደለም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ የተነሣው የመነቃቃት እንቅስቃሴ ኩዌከሮችንም ነካ። ብዙዎቹ ፓስተር መቅጠር፣ መዘመር፣ ስብከት ማድረግ ጀመሩ። ወንጌላውያን ኩዌከሮች የሚባሉት ከዚህ የወጡት ናቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ብትገቡ አዲስ አበባ ካለ የወንጌል አማኞች አምልኮ ብዙም የተለየ አይመስላችሁም፦ መዝሙር፣ ጸሎት፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ስብከት።

የኒውበርጉ ጉባኤ ከእነዚህ አንዱ ነው። በ1893 ነው የተቋቋመው። በመጀመሪያ «የኦሪገን ዓመታዊ ጉባኤ» ይባል ነበር፣ በኋላ «የሰሜን ምዕራብ ዓመታዊ ጉባኤ» ተባለ። ኦሪገን፣ ዋሽንግተንና አይዳሆ ያሉ አጥቢያዎችን ይይዛል። ከተማው ውስጥ የመሠረቱት ትምህርት ቤት አድጎ ዛሬ ጆርጅ ፎክስ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ኸርበርት ሁቨር በልጅነቱ ወላጆቹን ካጣ በኋላ አጎቱ ጋ ሆኖ የተማረው እዚሁ ኒውበርግ በነበረው የኩዌከሮች ትምህርት ቤት ነው።

አንድ ነገር እንዳያምታታችሁ። «ዓመታዊ ጉባኤ» ሲሉ የስብሰባው ስም ብቻ አይደለም፣ የድርጅቱም ስም ነው። ማለትም አንድ አጥቢያ «ከዓመታዊ ጉባኤው ወጣ» ከተባለ ስብሰባ ቀረ ማለት ሳይሆን ከቤተ እምነቱ ተለየ ማለት ነው።

ያለ ድምፅ እንዴት ይወሰናል?

ነገርየው እንዲህ ነው። ስብሰባውን የሚመራው ሰው «ጸሐፊ» ይባላል። ሊቀመንበር አይሉትም፣ ምክንያቱም ሥራው ማዘዝ ሳይሆን መስማትና መጻፍ ነው። አንድ ጉዳይ ይቀርባል። ሰዎች በየተራ ይናገራሉ፣ በመሃል ዝም ይባላል፣ ይጸለያል። ጸሐፊው ጉባኤው ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ ሲሰማው አጭር ቃለ ጉባኤ ጽፎ ያነባል። «የተግባባነው ይሄ ነው?» ይላል። ጉባኤው ከተቀበለው ውሳኔ ሆነ። ካልተቀበለው ይስተካከላል፣ ወይም ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል።

አንድ ሰው ባይስማማስ? ሁለት ምርጫ አለው። «እኔ ባልስማማም ጉባኤውን አላግድም» ብሎ ፈቀቅ ማለት ይችላል። ወይም ቆሞ «ይህን ኅሊናዬ አይቀበለውም» ይላል። ያኔ ጉባኤው ሊሰማው ይገባል። ሐሳቡ የብዙኃን ፍላጎት ሳይሆን የእግዚአብሔር ፈቃድ ይፈለግ ነው፤ እሱ ደግሞ በአንድ ሰው አፍ ሊመጣ ይችላል።

ይህ አሠራር ትልቅ ነገር ሠርቶ ያውቃል። በ1688 ጀርመንታውን በምትባል የፔንስልቬኒያ መንደር አራት ሰዎች ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ ፈርመው ለጉባኤያቸው አቀረቡ። ጉባኤው «ጉዳዩ ከባድ ነው» ብሎ ወደ ላይኛው መራው። ከላይኛው ወደ ዓመታዊው ጉባኤ ሄደ። እዚያ ቀረ። ከዚያ በኋላ እንደ ጆን ዉልማን ያሉ ሰዎች ከቤት ቤት እየዞሩ ባሪያ ያላቸውን ኩዌከሮች አንድ በአንድ አነጋገሩ። ዉልማን ልብስ ሰፊ ነበር። በ1772 ሞተ። የፊላዴልፊያ ዓመታዊ ጉባኤ ባሪያ የያዘ ሰው አባል መሆን አይችልም ብሎ የወሰነው ደግሞ በ1776 ነው።

ኩዌከሮች ይህን ታሪክ በኩራት ይናገሩታል፣ ኩራቱም ይገባቸዋል። አሜሪካ ባርነትን በሕገ መንግሥቷ ከመከልከሏ 89 ዓመት ቀድመዋል። ግን ሒሳቡን በሌላ በኩል እንሥራው። ከ1688 እስከ 1776 ድረስ 88 ዓመት ነው። ጉባኤው ውስጥ ለተቀመጡት ይህ ትዕግሥት ነው። በባርነት ለተያዙት ግን ሙሉ ዕድሜ ነው። መግባባት እስኪመጣ ሲጠበቅ የመጠበቁን ዋጋ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ስብሰባው ውስጥ የሌለ ሰው ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ኦሪገን ላይ ምን ተፈጠረ?

ዓመታዊ ጉባኤው «እምነትና ሥርዓት» የሚባል መጽሐፍ አለው። መጽሐፉ ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንድ ሴት መካከል ብቻ ነው ይላል። ፖርትላንድ ውስጥ ያለችው ዌስት ሂልስ የምትባል አጥቢያ ግን ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎችን ሙሉ አባል አድርጋ እንደምትቀበል አቋም ያዘች። እዚያ ለመድረስ የሄደችበት መንገድም ያው የኩዌከር መንገድ ነው፦ ረጅም ውይይት፣ ዝምታ፣ ቃለ ጉባኤ።

አሁን ችግሩን ልብ በሉ። አጥቢያዋ በውስጧ ተግባብታለች። ዓመታዊ ጉባኤው ደግሞ መጽሐፍ አለው፣ እሱም በመግባባት የጸደቀ ነው። ሁለት «መግባባት» ተጋጩ ማለት ነው። ጉዳዩ ለዓመታት ተወያዩበት፣ አልተቋጨም።

በመጨረሻ ሐምሌ 2015 የጉባኤው የሽማግሌዎች ቦርድ ዌስት ሂልስ ከዓመታዊ ጉባኤው እንድትለይ ወሰነ። «ተባረረች» አላሉም፣ «ተለቀቀች» ነው ያሉት። የተቃወሙ አጥቢያዎች ይግባኝ አሉ። ጥር 2017 ላይ ደግሞ የጉባኤው አስተዳደር ምክር ቤት ሌላ ነገር አሳወቀ፦ ጉባኤው እንደ አዲስ ይዋቀራል፣ በመጽሐፉ የጋብቻ አቋም መስማማት የማይችሉ አጥቢያዎች ወጥተው የራሳቸውን ይመሠርታሉ። ከወጡት መካከል የተሰባሰቡት «ሴራ ካስኬድስ ዓመታዊ ጉባኤ» የሚል አዲስ ጉባኤ አቋቋሙ። የቀድሞው በስሙ ቀጥሏል።

ሁለቱም ወገን የሚለው ነገር አለው፣ ሁለቱንም በቅንነት መስማት ያስፈልጋል። የቀሩት ወገን እንዲህ ይላሉ፦ እኛ ወንጌላውያን ነን፣ የምንመራው በመጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ አብረን የጸደቅነው መጽሐፍ አለ፣ አንድ አጥቢያ ብቻዋን ልትለውጠው አትችልም፣ ካልሆነ ጉባኤ የሚባል ነገር ትርጉም የለውም። የወጡት ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ እኛ ኩዌከሮች ነን፣ ሁላችንም ሳንግባባ ማንም ማንንም አያስወጣም፣ ጉዳዩ ገና እያለ ጥቂት ሰው ወስኖ ጨረሰው።

አያችሁ? አንዱ «ወንጌላዊ» የሚለውን ቃል ያዘ፣ ሌላው «ኩዌከር» የሚለውን። ከመቶ ዓመት በላይ አብረው የኖሩ ሁለት ቃላት ናቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ አንዱን መምረጥ ግዴታ አልነበረም።

ድምፅ ከሌለ ሥልጣን የለም ማለት ነው?

አይደለም። እንደኔ እይታ የኦሪገኑ ታሪክ ዋና ትምህርት ይሄ ነው፦ ድምፅ መስጠት ሲቀር ሥልጣን ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም።

አንደኛ፣ «ተግባብተናል» የሚለው ሰው ሥልጣን አለው። ጸሐፊው ጨዋ ቢሆንም፣ ጸሎተኛ ቢሆንም፣ የጉባኤውን ስሜት የሚተረጉመው እሱ ነው። ብዙ ዝም ያሉ ሰዎች አሉ። ዝም ያሉት ስለተስማሙ ነው? ስለደከማቸው ነው? ወይስ ስለፈሩ ነው? የዕድር ስብሰባ ላይ «ተስማማን አይደል?» ሲባል ሁሉም ዝም ብሎ፣ ከበር ሲወጣ ግን ሁሉም ሲያጉረመርም አይታችኋል። ያው ነው።

ሁለተኛ፣ መግባባት ከሌለ ያለው ነገር ይቀጥላል። የተጻፈውን ለመቀየር ሁሉም መግባባት አለበት፣ እንዳይቀየር ግን ጥቂቶች ባይስማሙ ይበቃል። ስለዚህ አሠራሩ ገለልተኛ አይደለም፣ ቀድሞ የተጻፈውን ያግዛል። ይህ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንዴ ጥበቃ ነው፣ አንዳንዴ ግን ማነቆ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚወሰነው ከየትኛው ወገን እንደቆማችሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ሰፊው ጉባኤ መወሰን ሲያቅተው ጉዳዩ ወደ ጠባብ ክፍል ይገባል። ኦሪገን ላይ የታየው ይሄ ነው። የ2015ቱን ውሳኔ የወሰነው በአዳራሹ የተሰበሰበው ሕዝብ ሳይሆን ቦርዱ ነው። የ2017ቱን ያሳወቀው ምክር ቤቱ ነው። ለቦርዱ ሥልጣን የሚሰጥ ደንብ አለ፣ ሕገወጥ ሥራ አልተሠራም። ግን «ሁላችን እስክንግባባ» በሚል ያደገ ሰው ውሳኔው ከበስተጀርባ ሲመጣ የሚሰማው ነገር ቀላል አይደለም።

ታዲያ ድምፅ ቢሰጡ ይሻል ነበር?

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ዩናይትድ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ያንኑ ጥያቄ በድምፅ ሞክራዋለች።

በ2019 ሴንት ሉዊስ ላይ በተደረገው ልዩ ጉባኤ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን የሚከለክለውን አቋም የሚያጠብቀው ዕቅድ 438 ለ384 አለፈ። በግልጽ ተቆጠረ፣ በግልጽ ተነገረ። ከዚያስ? ያሸነፈው ወገን ነው በብዛት የወጣው። እስከ 2023 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ከ7,600 በላይ አጥቢያዎች ለቀው ሄዱ፣ ለመውጣትም የሁለት ዓመት መዋጮና የጡረታ ዕዳ ድርሻቸውን መክፈል ነበረባቸው። በ2024 ሻርሎት ላይ በተደረገው ጉባኤ ደግሞ የቀሩት ክልከላውን በከፍተኛ ድምፅ አነሡት።

ስለዚህ ድምፅም አላዳነም። በቁጥር የወሰኑትም ተከፈሉ፣ በዝምታ የወሰኑትም ተከፈሉ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ድምፅ ሲሰጥ የተሸነፈው ስንት እንደነበረ ያውቃል። 384 ነበርን፣ ሐሳባችን ተመዝግቧል ይላል። ያለ ድምፅ ሲወሰን ግን ተሸናፊው ቁጥር የለውም። አልተሸነፍክም ይባላል፣ ግን ውጭ ነው። በሌላ በኩል ድምፅ ሰውን በፍጥነት ሁለት ጎራ ያደርጋል፤ ዘመቻ ይመጣል፣ ቆጠራ ይመጣል። የኩዌከሮች መንገድ ቢያንስ ተቃዋሚህን ለዓመታት ቁጭ ብለህ እንድትሰማ ያስገድድሃል።

የእነሱ ብቻ ችግር አይደለም

ኦሪገን ብቻዋን አይደለችም። የኢንዲያና ኩዌከሮች በተመሳሳይ ጉዳይ ከዓመታት ውዝግብ በኋላ በ2013 ተለያይተዋል። ከ1697 ጀምሮ የነበረው የሰሜን ካሮላይና ዓመታዊ ጉባኤ በ2017 ራሱን አፍርሷል። ሦስት መቶ ሃያ ዓመት ኖሮ ማለት ነው።

መከፈል ደግሞ የግድ በዚህ ጉዳይ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ኬንያ ውስጥ በ1946 የተቋቋመው አንድ የምሥራቅ አፍሪካ ዓመታዊ ጉባኤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እየተከፈለ ዛሬ ብዙ ዓመታዊ ጉባኤዎች ሆኗል። እዚያ የነበረው ጥያቄ የጋብቻ ትርጉም ሳይሆን የአመራርና የአካባቢ ጉዳይ ነበር።

ወደ እኛም ስንመጣ ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። በ2013 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በዚሁ የጋብቻ ጉዳይ ምክንያት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣለች። ዓለም አቀፍ ዜና ነበር። ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። የመካነ ኢየሱስ ጉዳይ በሁለት አገር አብያተ ክርስቲያናት መካከል ነበር፣ ውቅያኖስ በመሃል አለ። ኒውበርግና ፖርትላንድ ግን የተለያዩት ጎረቤታሞች ናቸው። አብረው ካምፕ የሄዱ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ የተጋቡ ቤተሰቦች ናቸው። እንዲህ ያለ መለያየት ወረቀት ላይ አያልቅም። በየሐምሌው ያው ሰው የት እንደሚሄድ ያስመርጣል።

እና ምን እንያዝ?

ከላይ ያዙት ያልኩት ነጥብ ጋ እንመለስ። የመጠበቅ ዋጋ። ኦሪገን ላይ ለዓመታት ውይይት ሲደረግ ዋጋ የከፈሉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዱ ስለራሱ ሕይወት በየዓመቱ «ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ» ሲባል እየሰማ የተቀመጠው ሰው ነው። ሌላው ደግሞ እምነቴ ነው ብሎ የያዘው ነገር በየዓመቱ እንደገና ለክርክር ሲቀርብ የደከመው ምእመን ነው። ሁለቱም «ትንሽ እንታገሥ» ሲባሉ ትዕግሥቱ የሚጠየቀው ከእነሱ ነው።

ይህ ማለት መግባባት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ባርነትን በተመለከተ ኩዌከሮች በትዕግሥት ያገኙት መግባባት ጸንቶ ኖሯል፣ ወደኋላ አልተመለሰም። በ438 ለ384 የተገኘው ውሳኔ ግን አምስት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። መግባባት ሲሠራ ሥሩ ጠልቆ ይሠራል። ሳይሠራ ሲቀር ግን ስሙ ይቀራል፣ ሥራውን ቦርዱ ይሠራዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ በየትኛውም ስብሰባ «በሙሉ መግባባት ተወስኗል» ሲባል ብትሰሙ አራት ነገር ጠይቁ፦

1. ቃለ ጉባኤውን የጻፈው ማን ነው?
2. ዝም ያሉት ለምን ዝም አሉ?
3. ባንግባባ ኖሮ ማን ነበር የሚወስነው?
4. እስክንግባባ ድረስ የሚጠብቀው ማን ነው?

የኒውበርግ ሰዎች ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ጥያቄ መልስ ያገኙት ከተለያዩ በኋላ ነው። እናንተ ያላችሁበት ማኅበር ወይም ቤተ ክርስቲያን ከመለያየቱ በፊት ቢመልሳቸው ይሻላል።